የሳይንስ ፖድካስት ከድሬዳዋ፦ የመጀመሪያውን ክፍል እንዴት እንሥራ?

የሳይንስ ጋዜጠኛ ለመሆን አዲስ አበባ መግባት ግድ ነው የሚሉ አሉ። አትስሟቸው። እ.ኤ.አ. በ2022 ድሬዳዋ ላይ የተነሳውን የወባ ወረርሽኝ የዓለም ተመራማሪዎች ዛሬም ይጠቅሱታል። ከከተማዋ ትንሽ ወጣ ብሎ ያለው የፖርክ ኤፒክ ዋሻ ከ40 ሺህ ዓመት ገደማ በፊት የኖሩ ሰዎች ቀይ አፈር እየፈጩ ቀለም የሠሩበት ነው። ሐሮማያ ላይ አንድ ሙሉ ሐይቅ ደርቆ፣ ከዓመታት በኋላ ውኃው ተመልሷል። የዚህ ሁሉ ጥናት በእንግሊዝኛ ተጽፎ ተቀምጧል። በአማርኛ አጣርቶ፣ አፍታቶ፣ በድምፅ የሚያስረዳው ሰው ነው የጠፋው። ድሬና ሐረር የሚኖር ሰው ለዚህ ሥራ ከማንም ይቀድማል፤ ነገሩ ያለው ደጁ ላይ ነውና።

እዚህ የምነግራችሁ አንድ ክፍል ከጥያቄው ተነስቶ አድማጭ ጆሮ እስኪደርስ ያለውን መንገድ ነው። ምሳሌዬ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አንድ ነው፤ የድሬ የወባ ትንኝ። ስልክ፣ ከልብስ ላይ የሚሰካ ርካሽ ማይክ፣ ኢርፎንና ኮምፒውተር ያስፈልጋችኋል። ኮምፒውተሩ የጓደኛም ቢሆን ይሠራል።

1. ጥያቄ ይዛችሁ ተነሱ

"ወባ" ርዕስ ነው። ሰፊ ነው፤ ከገባችሁበት አትወጡም። "በበጋ፣ ጠብ የሚል ዝናብ በሌለበት፣ ድሬ ላይ ወባ ለምን በዛ?" ካላችሁ ግን ጥያቄ ሆነ። ማንን እንደምትጠይቁ ወዲያው ይታያችኋል። የት ላይ እንደምታቆሙም ታውቃላችሁ።

ጥያቄው ደህና መሆኑን የምትፈትኑት ሰው ላይ ነው። ቀፊራ ገበያ ለምትሸጥ እናት ወይም ከዚራ ሰፈር ጥላ ሥር ላቆመ የባጃጅ ሾፌር በአንድ ዓረፍተ ነገር ንገሩ። "አቦ እሱን ነገር እኮ እኔም..." ብሎ የራሱን ከቀጠለ ጥያቄው ነፍስ አለው። "እሺ" ብሎ ወደ ሥራው ከተመለሰ ደግሞ ወይ አነጋገራችሁን ወይ ጥያቄውን ቀይሩ።

ወባው ካልጣማችሁ ሌላ ሞልቷል። ዓመቱን ሙሉ አሸዋ ብቻ የሆነው የደቻቱ ወንዝ እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2006 በአንድ ሌሊት እንዴት ያን ያህል ሰው ወሰደ? የሐሮማያን ሐይቅ ምን አደረቀው፣ ለሐረር የመጠጥ ውኃ ምን ማለት ነበር? የማሽላ ጠር የሆነው አቀንጭራ ሥሩ ላይ ተጣብቆ እንዴት ይመጠምጠዋል? ይህን አረም የሚቋቋም ማሽላ በማውጣታቸው እ.ኤ.አ. በ2009 የዓለም የምግብ ሽልማትን ያገኙት ፕሮፌሰር ገቢሳ ኤጄታ የመጀመሪያ ዲግሪያቸውን የተማሩት እዚሁ፣ የዛሬው ሐሮማያ ዩኒቨርሲቲ ዓለማያ ኮሌጅ በነበረ ጊዜ ነው። የሐረር ልጅ ብሆን እኔ በዚህ እጀምር ነበር።

2. ጥናቱን ራሱን አንብቡ

ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ ነው። አብዛኛው የሳይንስ ወሬ የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው። አንዱ ድረ ገጽ ከሌላው ይገለብጣል፤ ያኛው ከጋዜጣዊ መግለጫ ገልብጧል፤ ጥናቱን የከፈተ ማንም የለም። እናንተ ክፈቱት።

ጉግል ስኮላር በተባለው የጥናት መፈለጊያ ላይ የከተማውን ስምና የጥያቄያችሁን ዋና ቃል በእንግሊዝኛ ጻፉ። ስለ ድሬው ወረርሽኝ የተሠራው ዋና ጥናት እ.ኤ.አ. በ2023 ኔቸር ሜዲሲን በተባለው መጽሔት ወጥቷል። የመሩት የአርማወር ሐንሰን የምርምር ኢንስቲትዩት ተመራማሪዎች ናቸው። በነፃ ይነበባል። የሚከፈልበት ጥናት ሲያጋጥማችሁ ገንዘብ አታውጡ። ጸሐፊው ኢሜይላቸው ወረቀቱ ላይ አለ፤ በትሕትና ብትጠይቋቸው ብዙዎቹ ደስ ብሏቸው ይልካሉ።

ከላይ እስከ ታች እንደ ልቦለድ አታንብቡት፤ ትሰለቻላችሁ። መጀመሪያ አብስትራክቱን፣ ማለትም መግቢያው ላይ ያለውን አጭር ማጠቃለያ። ቀጥሎ ሥዕሎቹንና ሠንጠረዦቹን። ከዚያ ወደ መጨረሻው ሄዳችሁ ተመራማሪዎቹ የጥናታቸውን ድክመት የዘረዘሩበትን አንቀጽ ፈልጉ። በጣም ሐቀኛው ክፍል እሱ ነው። በመጨረሻ ዘዴው ጋ ግቡ። ዘዴው አሰልቺ ይመስላል፤ ለፖድካስት ግን ወርቁ ያለው እዚያ ነው። "ምን ተገኘ" የሚለው በሁለት ዓረፍተ ነገር ያልቃል። "እንዴት ታወቀ" የሚለው ግን ታሪክ ነው፤ ሰው አለው፣ መንገድ አለው፣ ልፋት አለው።

የእኛውን እንይ። ተመራማሪዎቹ ጤና ተቋም መጥተው ወባ የተገኘባቸውን ሰዎች ያዙ። እዚያው መጥተው ወባ ያልተገኘባቸውንም ያዙ። ከዚያ የሁለቱንም ቤት ሄዱ፤ የዩኒቨርሲቲ ማደሪያም ጭምር። አብሯቸው የሚኖረውን ሰው ደም መረመሩ። በግቢው ዙሪያ ትንኝና እጭ ፈለጉ። ሲያነጻጽሩት ወባ ከተገኘበት ሰው ጋር የሚኖሩት ላይ በሽታው በዝቶ አገኙት። አኖፌለስ ስቴፈንሲ የምትባለው ትንኝ በተገኘችበት ቤት አካባቢም እንዲሁ። ትንኟ የደቡብ እስያና የዓረብ ባሕረ ገብ መሬት ናት። አፍሪካ ውስጥ መጀመሪያ የታየችው እ.ኤ.አ. በ2012 ጅቡቲ ላይ ነው። እኛ ጋ በ2016 ቀብሪደሃር ተገኘች። የለመድናት የወባ ትንኝ ክረምት የተወው ኩሬ ላይ ትራባለች። ይቺ ግን ሮቶ፣ በርሜልና የግንባታ ውኃ ጉድጓድ ይበቃታል። ውኃ በፈረቃ በሚመጣበት ከተማ ማን ሳያጠራቅም ይኖራል? የበጋው ጥያቄ መልስ ፍንጭ እዚህ ጋ ነው።

አሁን ብዕር ያዙና አምስት ነገር ጻፉ። ስንት ሰው፣ ስንት ቤት ታየ? ከማን ጋር ተነጻጸረ? ገንዘቡን ማን ሰጠ? ጥናቱ በሌሎች ባለሙያዎች ተገምግሞ የወጣ ነው ወይስ ገና ያልተገመገመ ቅድመ ኅትመት? ጸሐፊዎቹስ ምን ያህል እርግጠኛ ሆነው ጽፈዋል? የመጨረሻው ከሁሉም ይበልጣል። የድሬው ጥናት ትንኟ በሥርጭቱ ውስጥ ድርሻ እንዳላት ጠንካራ ማስረጃ አለ ይላል። "ወረርሽኙ ሙሉ በሙሉ በእሷ ምክንያት መጣ" አይልም። እናንተም እንደዚያ አትበሉ። አንድ ላይ የተገኙ ሁለት ነገሮች አንዱ የሌላው ምክንያት ናቸው ለማለት ተጨማሪ ማስረጃ ይፈልጋል፤ ተመራማሪው ያልዘለለውን ጉድጓድ ጋዜጠኛ አይዘለውም።

ቁጥር ላይም ተጠንቀቁ። "በሽታው በሦስት እጥፍ ጨመረ" የሚል ካነበባችሁ ከስንት ወደ ስንት ብላችሁ ጠይቁ። ከ1 ወደ 3 እና ከ1 ሺህ ወደ 3 ሺህ እኩል እጥፍ ናቸው፤ ለሚሰማው ሰው ግን ሰማይና ምድር። ጅቡቲን ተመልከቱ። እ.ኤ.አ. በ2012 የተመዘገበው የወባ ታማሚ 27 ብቻ ነበር። በ2020 ከ73 ሺህ በላይ ሆነ። እዚህ ላይ እጥፉን አስልቶ መንገር አያስፈልግም። ሁለቱን ቁጥር አጠገብ ለአጠገብ አስቀምጡና ትንሽ ዝም በሉ። አድማጩ ራሱ ይደነግጣል።

3. ሰዎቹን አግኙ

ቢያንስ ሦስት ሰው ያስፈልጋችኋል። ጥናቱን የሠራ፣ ጥናቱ ውስጥ የሌለበት ግን ሙያው የሆነ፣ ነገሩ በቤቱ የደረሰበት። ሁለተኛውን ሰው ብዙ ጀማሪ ይዘለዋል። አትዝለሉት። ሥራው ምን ያህል ውኃ እንደሚያነሳ የሚነግራችሁ እሱ ነው።

በዚህ በኩል ዕድለኞች ነን። ሐሮማያ ዩኒቨርሲቲ አለ፤ የጤናና ሕክምና ሳይንስ ኮሌጁ ሐረር ነው። ድሬዳዋ ዩኒቨርሲቲ አለ። ሰፈር ለሰፈር እየዞሩ ሮቶ የሚያስከድኑ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎች አሉ፤ ከማንም የተሻለ ታሪክ የሚያውቁት እነሱ ናቸው።

የመንግሥት መሥሪያ ቤት ሠራተኛን ለመቅረጽ ስትሄዱ "ደብዳቤ አምጡ" መባላችሁ አይቀርም። ተዘጋጅታችሁ ሂዱ። ማን እንደሆናችሁ፣ ምን እንደምትሠሩ፣ ስለ ምን እንደምትጠይቁ የሚገልጽ አንድ ገጽ ጻፉና ወደ ሕዝብ ግንኙነት ክፍሉ አስገቡ። የተቀበለውን ሰው ስምና ቀኑን ያዙ፤ በሳምንቱ ተመልሳችሁ ጠይቁ። ለተመራማሪ ደግሞ አጭር ኢሜይል ይበቃል። እንዲህ ያለ፦

"ጤና ይስጥልኝ ዶክተር። ድሬዳዋ ሆኜ ስለ ሳይንስ የሚያወራ የአማርኛ ፖድካስት አዘጋጃለሁ። የወባውን ጥናታችሁን አንብቤዋለሁ። ታማሚዎቹን እስከ ቤታቸው የተከተላችሁበትን መንገድ ከራስዎ አንደበት መስማት እፈልጋለሁ። በሚመችዎ ቀን ግማሽ ሰዓት ቢሰጡኝ በአካልም በስልክም እችላለሁ።"

"አንብቤዋለሁ" የምትለዋ ቃል በር ትከፍታለች። እውነት ካልሆነች ግን በሁለተኛው ጥያቄ ትታወቃለች።

4. ቃለ መጠይቁ

መቅጃውን ከፍታችሁ የመጀመሪያው ሥራ ፈቃድ ነው። ስማቸውን፣ ሥራቸውን፣ ድምፃቸው በፖድካስት እንዲወጣ መፍቀዳቸውን በራሳቸው አንደበት ይናገሩ። በአንድ ድንጋይ ሁለት ወፍ ነው፤ ፈቃዱም ይመዘገባል፣ እናንተም የድምፁን መጠን በኢርፎን ትሰማላችሁ።

ስለ አጠራር አንድ ነገር። በድሬና በሐረር አንቱታ ብዙም ቦታ እንደሌለው ሁላችንም እናውቃለን፤ ትልቅ ትንሹን "አንተ" ማለት የኛ ወግ ነው። ፖድካስቱን የሚሰማው ግን ጎንደርም ደሴም አለ። ተመራማሪዋን "እርስዎ" ብላችሁ ጀምሩ። እሳቸው ራሳቸው "አቦ ተወው፣ አንቺ በለኝ" ካሉ ያንኑ ቀረጻው ውስጥ ተዉት፤ አድማጩም ይገባዋል፣ ወሬውም ይፍታታል።

ጥያቄዎቹን አጭር አድርጉ። እኔ ከሁሉ የምወዳቸው እነዚህን ነው።

"ይህን በምን አወቃችሁ?"
"ከዚህ በፊት ምን ነበር የሚታሰበው?"
"መስክ ላይ ያልጠበቃችሁት ምን ገጠማችሁ?"
"እስካሁን ያላወቃችሁት ምንድን ነው?"
"በዚህ የማይስማማ ባለሙያ አለ? ምን ይላል?"
"እናትዎ ቢጠይቁዎት እንዴት ያስረዷቸዋል?"

የመጨረሻዋ ተአምር ትሠራለች። "ሰው ሠራሽ የውኃ ማከማቻዎች ለቬክተሩ መራቢያነት ያላቸው አስተዋጽኦ" ሲሉ የቆዩ ሰው ድንገት "በይ እማዬ፣ ሮቶሽን ክደኚው፤ ትንኟ እዚያ ውስጥ ትፈለፈላለች" ይላሉ። የምትፈልጉት ድምፅ ይኸው ነው።

ያልገባችሁን ገብቶኛል አትበሉ። "ይቅርታ፣ እሱን እንደገና ይንገሩኝ" ማለት ሥራችሁ ነው። እናንተ ያልገባችሁ አድማጭም አይገባውም። ሲመልሱ ደግሞ "እ፣ እሺ፣ ልክ ነው" እያላችሁ አትደርቡባቸው፤ ኤዲት ላይ አይወጣም። በጭንቅላታችሁ ንቅነቃ መልሱ።

ነዋሪ ስትጠይቁ በአፋን ኦሮሞ ወይም በሶማሊኛ የሚመልስላችሁ ብዙ ነው። እሰየው። ሰው ሕመሙን በደንብ የሚናገረው በአፍ መፍቻው ነው። የራሱን ድምፅ ጥቂት ሰከንድ አሰሙ፤ ከዚያ ዝቅ አድርጉና የአማርኛውን ትርጉም ሌላ ሰው ከላይ ያንብብ። ትርጉሙን ቋንቋውን አጥርቶ የሚያውቅ ሰው ያጣራላችሁ።

እንግዳችሁ ሩቅ ከሆነ በስልክ እያወራችሁ እሱ በራሱ ስልክ መቅጃ ራሱን ይቅረጽ። ሲጨርስ በቴሌግራም እንደ ፋይል ይላክላችሁ፤ የስልክ መስመር ድምፅ ከመቅዳት በብዙ ይሻላል።

5. ስክሪፕቱ

ለጆሮ መጻፍ ለዓይን ከመጻፍ ይለያል። አንባቢ ካልገባው ይመለሳል። አድማጭ አይመለስም፤ ባጃጅ ውስጥ ነው፣ ወጥ እያማሰለ ነው። ስለዚህ አንድ ዓረፍተ ነገር አንድ ሐሳብ። በአንድ ደቂቃ ከአንድ ቁጥር በላይ አትበሉ። የባለሙያ ቃል ስታመጡ መጀመሪያ ነገሩን አሳዩ፣ ስሙን በኋላ ስጡ።

መግቢያችሁን ከዓለም ጤና አትጀምሩት። ከሮቶው ጀምሩት። ለምሳሌ፦

"ግቢያችሁ ውስጥ ያለውን ሮቶ ወይም በርሜል ክፈቱ። የስልካችሁን መብራት አብሩበት። ውኃው ላይ እንደ ክር የቀጠኑ፣ ሲነኩ የሚርገበገቡ ነገሮች ታያላችሁ? እጭ ናቸው። አሁን ጠጋ ብላችሁ አተኛኘታቸውን ተመልከቱ። ጭንቅላቱን ወደ ታች ዘቅዝቆ የተንጠለጠለው የሌላ ትንኝ ልጅ ነው። ከውኃው ፊት ጋር ተስተካክሎ፣ በአግድሙ የተጋደመው ግን የወባ ትንኝ ዘር ነው።"

በዚህች አንቀጽ አድማጩ ከወንበሩ ተነስቶ ሮቶው ጋ ሄዷል። እዚያው ግን አጥር አብጁ። የወባ ትንኝ ዘሮች ብዙ ናቸው፤ የትኛዋ መሆኗን የሚለየው ባለሙያ ነው። ትኩሳትም ሁሉ ወባ አይደለም። ድሬ እ.ኤ.አ. በ2013 የዴንጊ፣ በ2019 የቺኩንጉንያ ወረርሽኝ አይታለች። ሁለቱን የምታስተላልፈው ሌላ ትንኝ ናት፤ እሷም የተጠራቀመ ውኃ ትወዳለች። ስለዚህ "ትኩሳት ከተሰማችሁ ተመርመሩ" በሉ፤ የመድኃኒት ስም አትጥሩ።

ቀጥሎ አካሄዱ ቀላል ነው። ሮቶው፣ ከዚያ ጥያቄው፣ ከዚያ ተመራማሪዎቹ ቤት ለቤት የሄዱበት፣ ከዚያ ያገኙት፣ ከዚያ ጥናቱ ውስጥ ያልነበረው ባለሙያ አስተያየት፣ መጨረሻ ላይ ገና ያልታወቀው። ያልታወቀውን መናገር አድማጭ ያሳጣል ብላችሁ አትፍሩ። እንደ ትልቅ ሰው ስለቆጠራችሁት ያምናችኋል።

የአንድ ክፍል ርዝመት ከ20 እስከ 30 ደቂቃ በቂ ነው። ስክሪፕቱን ከጨረሳችሁ በኋላ ጮክ ብላችሁ አንብቡት። ምላሳችሁ የተደናቀፈበት ቦታ ሁሉ እንደገና ይጻፍ።

6. ቀረጻው

የድሬ ችግር ሙቀቱ ነው። ቬንትሌተሩ ካልጠፋ ቀረጻ የለም፤ ጠፍቶ ደግሞ ቀትር ላይ አይቀመጡም። ስለዚህ ማለዳ ከ11 እስከ 1 ሰዓት ባለው ጊዜ ቅረጹ። የአዛኑንና የቅዳሴውን ሰዓት አስቀድማችሁ እወቁ። ባጃጅ ከሚበዛበት ጎዳና በተቃራኒ ያለውን ክፍል ምረጡ።

ባዶ ክፍል ያስተጋባል። ፍራሽ ከግድግዳ አስደግፉ፣ ብርድ ልብስ ስቀሉ፣ ወይም ልብስ የሞላ ቁም ሣጥን ከፍታችሁ ወደ እሱ ዞራችሁ አንብቡ። ማይኩን ከአገጫችሁ አንድ ስንዝር ያህል ዝቅ አድርጋችሁ ደረት ላይ ሰኩት። ስልኩን የበረራ ሞድ ላይ አድርጉ። መቅጃው ዌቭ የሚባለውን ዓይነት ፋይል የሚሰጥ ከሆነ እሱን ምረጡ። ከመናገራችሁ በፊት ለግማሽ ደቂቃ ያህል ዝም ብላችሁ የክፍሉን ጸጥታ ቅረጹ፤ ለኤዲት ይጠቅማል።

የአካባቢ ድምፅም ያዙ። የሮቶ ክዳን ሲከፈት፣ ጀሪካን ሲሞላ፣ የቀፊራ ግርግር። በየንግግሩ መሃል ሁለት ሦስት ሰከንድ ገባ ሲል አድማጩ ቦታው ላይ ይቆማል።

7. ኤዲቱ

ኦዳሲቲ የሚባለው የድምፅ ኤዲት ፕሮግራም በነፃ ይወርዳል፣ ለእኛ ሥራ ከበቂ በላይ ነው። መጀመሪያ ጥሬውን ቀረጻ ሌላ ቦታ ገልብጣችሁ አስቀምጡ። መብራት ሳይነግራችሁ ስለሚሄድ በየጊዜው ሴቭ አድርጉ።

ቅደም ተከተሉ ይኸው፦ የማትፈልጉትን ንግግር ቁረጡ። ያን የክፍል ጸጥታ ምረጡና ከጩኸት መቀነሻው ጋር አስተዋውቁት፤ ከዚያ ሙሉው ላይ በጥቂቱ አሳርፉት፤ ከበዛ ድምፁ የቆርቆሮ ይሆናል። ከ80 ኸርዝ በታች ያለውን ጉርምርምታ አውጡ። መጨረሻ ላይ ጠቅላላ የድምፁን ከፍታ -16 ሉፍስ (የድምፅ ከፍታ መለኪያ ነው) ላይ አስተካክሉ።

ቁረጡ ስላችሁ የሰውን ሐሳብ አትቁረጡ። ተመራማሪዋ "ይመስለናል፣ ግን ተጨማሪ ጥናት ይፈልጋል" ካሉ "ግን" የምትለዋ ከነጅራቷ ትቅር። ሰዓት ለማሳጠር እሷን የሚያወጣ ሰው የተናገሩትን ለወጠ ማለት ነው።

ሲያልቅ በኤምፒ ሦስት፣ ሞኖ፣ 64 ኪሎቢት በሰከንድ አድርጋችሁ አውጡት። የ30 ደቂቃው ክፍል 14 ሜጋባይት ገደማ ይመጣል። በ128 ብታወጡት እጥፍ ይሆናል። አድማጫችሁ ፓኬጅ በብር እየገዛ ነው የሚሰማችሁ፤ ለንግግር 64 ይበቃል።

8. ከመልቀቃችሁ በፊት

ስክሪፕቱን አትሙና እያንዳንዱን ቁጥር፣ ስም፣ ዓመትና ማዕረግ በቀይ አስምሩ። አንድ በአንድ ከጥናቱ ጋር አመሳክሩ። ፈረንጅና ሐበሻ ዘመን እንዳይደባለቅባችሁ እዩ፤ የሳይንስ ጽሑፍ ሁሉ በፈረንጁ ነው። ለተመራማሪዋ ሳይንሱን የምታብራሩባቸውን አንቀጾች ልካችሁ ስሕተት ካለ እንዲነግሯችሁ ጠይቁ። ሙሉውን ስክሪፕት ግን ለማጽደቅ አትስጡ። የሚወጣውንና የሚቀረውን የምትወስኑት እናንተ ናችሁ።

ታማሚ ካናገራችሁ ስሙንና ሰፈሩን ለመጥራት ፈቃዱ በቀረጻው ይኑር፤ ከሌለ አትጥሩ። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 እና የጥላቻ ንግግርና የሐሰተኛ መረጃ ሥርጭትን የሚመለከተው አዋጅ ቁጥር 1185/2012 ሁለቱም ይነኳችኋል። አንብቧቸው። የሰው ሙዚቃ ያለ ፈቃድ አትጠቀሙ፤ ክራር የሚመታ ጓደኛ ካላችሁ ለመግቢያ የሚሆን ጥቂት ሰከንድ ይቅረጽላችሁ።

9. ልቀቁት

ሁለት መንገድ በአንድ ጊዜ ያዙ። አንደኛው የቴሌግራም ቻናል ነው፤ የኛ ሰው ያለው እዚያ ነው፣ ፋይሉንም አውርዶ ያለ ኢንተርኔት ይሰማል። ሁለተኛው በነፃ ፖድካስት የሚያስቀምጥ አገልግሎት ነው፤ ስፖቲፋይ ለፈጣሪዎች ያዘጋጀው አንዱ ነው። እሱ አርኤስኤስ ፊድ፣ ማለትም አዲስ ክፍል ሲወጣ ለመተግበሪያዎች የሚያደርስ ሊንክ ይሰጣችኋል፤ በዚያ ፊድ ሌሎች የፖድካስት መተግበሪያዎች ላይም ትመዘገባላችሁ።

ርዕሱ ላይ ሰው የሚፈልገውን ቃል አስገቡ። "ክፍል አንድ" አይበቃም። "በበጋ ወባ ለምን? የድሬዳዋዋ አዲስ ትንኝ" የተሻለ ነው። ከሥሩ የጥናቱን ሊንክ አያይዙ።

10. እንጀራስ?

ፖድካስቱ መጀመሪያ ላይ አያበላም። የዕለት ሥራችሁን አትልቀቁ። የሚያበላችሁ ፖድካስቱ የሚያሳየው ችሎታ ነው። ሦስት አራት ጥሩ ክፍል ካላችሁ ለአካባቢው ሬዲዮ ጣቢያ የሳምንት የሳይንስ ሰዓት አቅርቡ፤ ናሙናው በእጃችሁ ነው። እንግሊዝኛ የምትጽፉ ከሆነ ያንኑ ታሪክ እንደ ሳይዴቭ ዶት ኔት ላሉ፣ የታዳጊ አገሮችን ሳይንስ ለሚዘግቡ የዜና አውታሮች በአጭር ሐሳብ መልክ ላኩ። ናይሮቢ የተቀመጠ ዘጋቢ የድሬን ሮቶ ከፍቶ አያይም፤ እናንተ ግን ከፍታችኋል። ዩኒቨርሲቲዎችና የምርምር ተቋማትም ሥራቸውን ለሕዝብ የሚያስረዳላቸው ሰው ይፈልጋሉ። ያን ሥራ ከወሰዳችሁ ግን ስለዚያው ተቋም ፖድካስታችሁ ላይ ስታወሩ ክፍያውን ለአድማጭ ተናገሩ።

ባዮሎጂ የተማረ ይሻላል ወይስ ጋዜጠኝነት የሚል ክርክር አለ። በእኔ እይታ ሁለቱም ግማሽ ነው። የባዮሎጂው ሰው ማሳጠርን ይማር፣ የጋዜጠኝነቱ ሰው ስታቲስቲክስን ይማር። መሠረታዊ ስታቲስቲክስ የሚያስተምሩ ነፃ ትምህርቶች ኢንተርኔት ላይ ሞልተዋል።

ክፍሉ በወጣ በሳምንቱ ሦስት ነገር አድርጉ። ላናገራችኋቸው ሰዎች ሁሉ ፋይሉን ላኩ፤ ስልክ ለሌላቸው እናት ቤታቸው ሄዳችሁ አሰሙ። ስሕተት ከተነገራችሁ በሚቀጥለው ክፍል መግቢያ ላይ አርሙ፣ ከፋይሉ ሥርም ጻፉት። ቻናሉ ላይ የመጡትን ጥያቄዎች አንድ ደብተር ላይ ገልብጡ። "ሮቶ ውስጥ ዓሣ ብንጨምር እጩን ይበላልናል?" ብሎ የጠየቀ ይኖራል። ጉግል ስኮላርን ክፈቱና ከእሱ ጀምሩ።